የኮፈን ስኩፕና የቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ አሠራር፦ ለጎንደር ከፍታ፣ አቧራና ክረምት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ 78 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ግን 101 ይደርሳል። ቱርቦ (አየር እየጨመቀ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዝቅታ ቦታ ከሚስበው በሩብ ገደማ ያንሳል። የ1.3 ሊትር ሞተር ጎንደር ላይ የ1 ሊትር ያህል ብቻ የሚጎትተው ለዚህ ነው። ወደ ደባርቅ ሲወጣ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ይብስበታል። ስለዚህ ባለመኪናው ለሞተሩ ተጨማሪ አየር ቢፈልግ አይፈረድበትም። ላሜራ ከመቆረጡ በፊት ግን ስኩፕ፣ ማለትም ኮፈን ላይ የሚገጠም አየር የሚያስገባ አፍ፣ የሚሰጠውን በቁጥር ማየት ይገባል።

የንፋሱ ግፊት ትንሽ ነው። በጎንደር አየር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ፊት ለፊት የሚመጣው ንፋስ ቢበዛ 130 ፓስካል ይጨምራል፤ በ80 ወደ 230፣ በ100 ወደ 360 ፓስካል። የከባቢው ግፊት 78,000 ፓስካል ስለሆነ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ ትርፉ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ከአዘዞ ፒያሳ ለሚመላለስ መኪናማ ከቁጥር አይገባም።

የሙቀቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ኮፈን ስር ያለው አየር በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ሙቀት 55 ዲግሪ ሲደርስ፣ ውጭ ያለው 22 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። የ22 ዲግሪው አየር በአንድ ሊትር ውስጥ ከ55ቱ ዲግሪ አየር 11 በመቶ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ሲሊንደር እስኪገባ ድረስ መንገድ ላይ መልሶ ስለሚሞቅ ከዚህ ግማሽ ያህሉ ቢተርፍ ነው፤ እሱም ቢሆን አቀበት ላይ በግልጽ ይታወቃል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የታሰበው ቀዝቃዛ አየር ለማስገባት ነው። የንፋሱን ግፊት እንደ ምርቃት ቁጠሩት።

ኮፈን ከመቅደድ በፊት

መጀመሪያ የፋብሪካውን የአየር ቱቦ እስከ ጫፉ ተከተሉት። አብዛኛው የኢንጀክሽን (በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጭ) መኪና ከፊት መብራት ጀርባ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ቱቦ አለው። በአሮጌ ኮሮላና ቪትዝ ላይ ይህ ቱቦ ብዙ ጊዜ ተሰብሯል፣ ወይም ለጥገና ወልቆ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ስለዚህ ፊልትሮው የራዲያተሩን ትኩስ አየር ይስባል። ቱቦውን መልሶ መግጠም ብቻ ስኩፑ ሊሰጥ ከሚችለው አብዛኛውን ይሰጣል፣ ኮፈን ሳይነካ። ፊልትሮ ሳጥኑ ወደ ፊት ቅርብ ከሆነና ከግሪሉ ጀርባ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚያልፍበት ክፍተት ካለ፣ በእኛ እምነት ከስኩፕ የሚሻለው ይኸው ነው፤ ዝናብ አይገባበትም፣ ኮፈን አይዝግም፣ ካልወደዳችሁት በአንድ ሰዓት ይነሳል።

ቀጥሎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጥ፤ ሌላው የስሮትሉ (ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው) በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይይ። የላላ ሽቦ አንድ አምስተኛ ያህል ሳይከፈት ያስቀራል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ስኩፕ አይመልሰውም። ካንዴላዎቹንም አውጥታችሁ ቀለማቸውን እዩ፤ ትርጉሙ ከታች በካርቡሬተሩ ክፍል አለ።

መለኪያ መሥራት ከባድ አይደለም። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ግልጽ ላስቲክ ቱቦ 3 ሜትር ግዙ፤ በዩ ቅርጽ አጥፋችሁ ሰሌዳ ላይ እሰሩት፣ ግማሹ ድረስ ቀለም የገባበት ውሃ ጨምሩበት። አንዱን ጫፍ በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ላይ ሰኩት፤ ሌላው ጫፍ ክፍት ይሁን። በሁለቱ ክንዶች መካከል የሚታየው 1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት 98 ፓስካል ነው። በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተሰጥቶ ሲነዳ፣ ጎን የተቀመጠው ሰው (ሾፌሩ አይደለም) ያንብብ። ከዚያ ከፊልትሮው በፊት ባለው ቱቦ ላይ ሰክታችሁ ድገሙት። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ከ10 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ችግሩ ፊልትሮው ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። ስትጨርሱ ቀዳዳዎቹን በላስቲክ ቡሽ አጥብቃችሁ ድፈኑ፤ በተለይ ከፊልትሮው በኋላ ያለው ቀዳዳ ክፍት ከቀረ አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይገባል።

አንድ ነገር እንጨምር። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ መኪናው ሲቀርብ ኮፈን ላይ የተጨመረ ነገር ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ምርመራ የምታደርጉበት ቦታ ሄዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተቆረጠ በኋላ መጠየቅ ዋጋው ሌላ ኮፈን ነው።

ቦታና ልክ

ኮፈን ላይ ያለው ግፊት በየቦታው ይለያያል። የፊት ጫፉና ከፊት መስታወቱ ስር ያለው ማዕዘን ከፍ ያለ ግፊት አላቸው። መሐሉ ላይ ግን አየሩ እየፈጠነ ስለሚያልፍ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ከላሜራው ገጽ ጋር የተጣበቀው ቀጭን የአየር ንጣፍም ፍጥነቱ የሞተ ነው። መሐል ላይ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ቀዶ ወንፊት ማልበስ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከውስጥ ወደ ውጭ አየር ያስወጣል። የስኩፑ አፍ ወለል ከኮፈኑ ገጽ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከወለሉ ስር የቀረውን ክፍተት ፊት ለፊት በቀጥታ ግድግዳ አትዝጉት፤ በቪ ቅርጽ የታጠፈ ላሜራ አስገቡበት፣ የሞተው አየር በግራና በቀኝ ተከፍሎ እንዲያልፍ።

አፉን ወደ መስታወቱ አዙሮ ከኋላ መሥራትም ይቻላል፣ ጥሩ ግፊትም አለ። ጎንደር ላይ ግን ክረምት ቆሞ ባደረ መኪና ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ የሚገባው እዚያ ስለሆነ አንመክረውም። ከፊት አንድ ሦስተኛው ላይ፣ ከፊልትሮ ሳጥኑ በላይ ወይም አጠገቡ፣ አፉ ወደ ፊት ይሁን። ጠቅላላ ቁመቱ ከኮፈኑ ከ70 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከመኪናው ፊት የሚያልፍ ሕፃን ይጋረዳል።

ልኩ የሚመጣው ከሞተሩ ነው። የ1.3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 5,500 ዙር በሰከንድ 50 ሊትር ገደማ አየር ይስባል፤ የ1.6 ሊትሩ በ6,000 ዙር 68 ሊትር። 200 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ አፍ 80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወንፊቱ ሲሦውን ቢወስድበት እንኳ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ከ80 ሊትር በላይ ያሳልፋል። ስለዚህ ለሁለቱም ይበቃል። አፉን ማስፋት ተጨማሪ ኃይል አይሰጥም፤ ሞተሩ የማይስበው አየር አፉ ላይ ተገትቶ ወደ ጎን ይፈሳል፣ የሚጨምረው ዝናብና አቧራ ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ጥቁር ላሜራ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ 1 ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር፤ ከእሱ ስኩፑም ከስሩ የሚቀመጠው ውሃ የሚያስቀር ሳጥንም ይወጣል። 6 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ (ክብ ብረት) 60 ሴንቲ ሜትር ያህል። ኤም 5 ቡሎን 16 ሚሊ ሜትር ርዝመት 10 ፍሬ፣ ውስጣቸው ናይለን ካለው ዳዶና ሰፋፊ ሮንዴላ ጋር። 6 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው የሽቦ ወንፊት። 75 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ ግማሽ ሜትርና ሁለት የ45 ዲግሪ ክርን፤ የ90 ዲግሪውን አትውሰዱ፣ አየሩን ይሰብረዋል። ለማገናኛ ወፍራም የላስቲክ ማኒኮቶ (ተጣጣፊ ቱቦ) እና ከ70 እስከ 90 ሚሊ ሜትር የሚይዙ 4 ፋሼታዎች (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበቶች)። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ የማይጠጣ ስፖንጅ። ካላማዳሪ፣ ማለትም የጎማው ውስጠኛ ላስቲክ፣ አሮጌው ይበቃል። አንቲ ረስትና ቀለም። ሲሊኮን ስትገዙ አሽትቱት፤ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ብረት ያዝጋል፣ ትነቱም የጭስ ማውጫውን የኦክስጅን ሴንሰር ይጎዳል፤ ሽታ የሌለውን ያዙ።

ስኩፑን መሥራት

ሁሉን በካርቶን ጀምሩ። ርዝመቱ 350 ሚሊ ሜትር፣ አፉ 200 በ40፣ ከኋላ ወደ ኮፈኑ እየዘቀዘቀ የሚያልቅ ይሁን። ዙሪያውን 20 ሚሊ ሜትር የሚተኛ ከንፈር ይኑረው፤ ቡሎኖቹ የሚያልፉት በእሱ ነው። ካርቶኑን ኮፈኑ ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ከሾፌሩ ወንበር ተመልከቱ፣ ከመኪናው ፊትም ቆማችሁ እዩት። ካርቶን መቁረጥ ምንም አያስከፍልም፣ ስለዚህ እስኪያምራችሁ ድረስ ቀያይሩት።

ወደ ላሜራ ሲገለበጥ ከንፈሩ የኮፈኑን ጉብታ ተከትሎ እንዲተኛ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ አስተካክሉት፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ቡሎኑ ሲጠብቅ ኮፈኑን ይጎትተዋል። የአፉን ጠርዝ በቶንዲኖው ላይ አጥፉት። ይህ ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ላሜራው በንፋስ እንዳይንቀጠቀጥ ያጸናዋል፣ አየሩ ሳይላቀቅ እንዲገባ ክብ ከንፈር ይሰጠዋል፣ ሰው ቢነካው እንዳይቆርጥ ያደርጋል። ቶንዲኖውን ለመቆጠብ ስለታም ጠርዝ መተው በእግረኛ ሕይወት መቀለድ ነው። ከአፉ በኋላ ውስጡ ቀስ ብሎ ይስፋ፤ በእያንዳንዱ ጎን ከ7 ዲግሪ በላይ ከተከፈተ አየሩ ከግድግዳው ይላቀቅና ይዞራል።

መበየድ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። በተለመደው የ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይበሳል። በጋዝ የሚበይድ ጥሩ የላሜራ ባለሙያ ካለ ለእሱ ስጡት፤ በየ30 ሚሊ ሜትሩ አጫጭር ነጥብ እየሰጠ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለለ ይበይድ፤ በአንድ መስመር ከሄደበት ላሜራው ይጣመማል። ካልተገኘ በ4 ሚሊ ሜትር ሪቬት በየ40 ሚሊ ሜትሩ ማያያዝና መገጣጠሚያውን በሲሊኮን መድፈን ይበቃል።

ኮፈኑን መቁረጥ

ከዚህ በታች ያለውን የሊጥ ልኬት ከሠራችሁ በኋላ ኮፈኑን አውልቁ። መጀመሪያ የማጠፊያዎቹን ዙሪያ በማርከር ምልክት አድርጉበት፣ የመስታወት ማጠቢያውን ቱቦ አላቁ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ይዞት ቡሎኖቹ ይፈቱ። ምልክት ሳይደረግ የወለቀ ኮፈን ሲመለስ ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ክፍተት አይገጥምም።

ገልብጣችሁ ለስላሳ ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። ከታች የሚታየው የጎድን አጥንት የመሰለው ፍሬም ኮፈኑ በግጭት ጊዜ በታሰበበት እንዲታጠፍ የሚያደርግ ነው፤ ቁልፉንና ማጠፊያዎቹንም የሚሸከመው እሱ ነው። አንዱንም አትቁረጡ። ቀዳዳው በሁለት ፍሬሞች መካከል ባለው ባዶ ቆዳ ላይ ይውደቅ፣ ከፍሬሙም ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ይህ ካልተቻለ የስኩፑ ቦታ ይቀየር።

ውሃ የሚያስቀረውን ሳጥን ከፍታ ለማወቅ ኮፈኑን ከማውለቃችሁ በፊት ከፊልትሮው አካባቢ በተለያየ ቦታ የሊጥ ድቡልቡል አስቀምጡ፤ ኮፈኑን ቀስ አድርጋችሁ ዘግታችሁ ክፈቱ። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት ያለው ክፍተት ነው። ከእሱ 20 ሚሊ ሜትር ቀንሱ፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው በመቀመጫ ጎማዎቹ ላይ ይወዛወዛልና።

ቀዳዳው 160 በ80 ሚሊ ሜትር ይሁን። አራቱ ማዕዘኖች ላይ መጀመሪያ በትራፓኖ ብሱ፣ ከዚያ ማዕዘኑን ቢያንስ በ20 ሚሊ ሜትር ዙር አክብቡት። ሹል ማዕዘን በንዝረት ይሰነጠቃል፤ ኮብልስቶን ላይ የሚውል መኪና ደግሞ ቶሎ ይሰነጠቃል። ቀጥታውን መስመር በ1 ሚሊ ሜትር ዲስክ ቁረጡ፣ ነገር ግን በአንድ ትንፋሽ አትጨርሱት፤ እየቆማችሁ አቀዝቅዙት። ከዲስኩ የሚፈናጠረው የብረት ብናኝ ቀለም ላይ ካረፈ በአንድ ሳምንት ዝገት ያበቅላልና ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። የተቆረጠውን ጠርዝ ሞርዱ፣ በዚያኑ ቀን ሁለት እጅ አንቲ ረስት ቀቡት።

ስኩፑ በቡሎን ይታሰር፤ በኮፈኑና በከንፈሩ መካከል ከካላማዳሪው የተቆረጠ ላስቲክ ይግባ። በብየዳ ከተያያዘ ክረምት ሲመጣ ማንሳት አይቻልም።

ውሃ የሚያስቀር ሳጥን

ከሥራው ሁሉ ልዩ ትኩረት የሚፈልገው ይህ ነው። ከስኩፕ በቀጥታ ወደ ፊልትሮ የሚወርድ ቱቦ ካለ፣ ሞተሩን ለማበላሸት የሐምሌ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ብቻ ይበቃል፤ የወረቀት ፊልትሮ ሲርስ ያብጥና አየር ይከለክላል፣ ከበዛ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይገባል። ውሃ አይታመቅም፤ የገባበት ሲሊንደር ፒስተኑ ሲወጣ ቤላውን (ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ) ያጎብጠዋል።

ሳጥኑ 250 ስፋት፣ 200 ርዝመት፣ 80 ሚሊ ሜትር ቁመት ይኑረው። ሰፊ በመሆኑ አየሩ ውስጡ ሲደርስ ወደ 3.4 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል፤ በዚህ ፍጥነት ከባዱ የዝናብ ጠብታ አብሮ መብረር አይችልምና ይወድቃል። ከላይ ስኩፑ ወደ ሳጥኑ ፊት ይግባ። መውጫው ከኋላ በኩል በወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይሁን፤ አፉ ከወለሉ 40 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከጣሪያው 40 ይራቅ። በሁለቱ መካከል ከጣሪያው የተንጠለጠለ 35 ሚሊ ሜትር ላሜራ ጋርዱበት፣ ጠብታው መትቶት እንዲወርድ። ወለሉ ወደ አንድ ማዕዘን ይዘቅዝቅ፤ እዚያ ሁለት 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ፣ በእያንዳንዱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ የላስቲክ ቱቦ ጫፉ ተጨፍልቆ ይግባ። ውሃው በክብደቱ ከፍቶት ይወርዳል፣ ሞተሩ ሲስብ ደግሞ ከንፈሩ ይገጥማል፤ ስለዚህ ትኩስ አየር በዚያ አይገባም። ከእነዚህ ቱቦዎች አንዱም ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ወይም ከኤሌክትሪክ ማገናኛ በላይ አይንጠልጠል።

በሳጥኑ የላይኛ ጠርዝ ዙሪያ ስፖንጁን ለጥፉ፤ ኮፈኑ ሲዘጋ ከ30 ወደ 15 ሚሊ ሜትር መታመቅ አለበት። ካልታመቀ የኮፈን ውስጥ ሙቀት ይገባና ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ከመጠን በላይ ከታመቀ ደግሞ ኮፈኑን ወደ ላይ ስለሚገፋ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ላይያዝ ይችላል። ኮፈኑ ሲዘጋ ቁልፉ እስከ መጨረሻ መያዙን በእጅ ስባችሁ አረጋግጡ፤ በጉዞ ላይ ተከፍቶ መስታወቱን የሚሸፍን ኮፈን ሰው ይገድላል።

ከሳጥኑ እስከ ፊልትሮው

የፋብሪካውን ፊልትሮ ሳጥንና የወረቀት ፊልትሮ አትቀይሩ። ክፍት የሆነው ሾጣጣ ፊልትሮ ድምፁ ይጨምራል፣ የኮፈን ውስጥ ትኩስ አየር ይስባል፣ በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ አቧራውን ቶሎ ያሳልፋል። የሳጥናችሁን መውጫ በፒቪሲው ቱቦና በክርኖቹ ወደ ፊልትሮ ሳጥኑ አፍ አምጡ፤ ሁለቱም ጫፍ በላስቲክ ማኒኮቶ ይያያዝ። ሞተሩ ስለሚወዛወዝ በደረቅ የተያያዘ ፒቪሲ ይሰነጠቃል። ፒቪሲ 75 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለሰልሳልና ከጭስ ማውጫው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ በመካከሉም የአሉሚኒየም ጋሻ ይቁም።

የኢንጀክሽን መኪና ከሆነ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች የአየር ሙቀት ሴንሰራቸው ፊልትሮ ሳጥኑ ላይ ነው፤ ሽቦው ከተነቀለ የሞተር መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩም በግምት ይሠራል። የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር ያለው ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ የተቀመጠበትን ቱቦ ዲያሜትር አትንኩ፤ ከፊቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ መንገድ ይኑረው። ከቫልቭ ክዳኑ የሚመጣው የሞተር መተንፈሻ ቱቦ የሚገባው ከፊልትሮው በኋላ ነው፤ እዚያው ይቆይ።

ለካርቡሬተር መኪና

አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስና መሰሎቹ ላይ ክቡ ፊልትሮ ከካርቡሬተሩ ላይ ስለሚቀመጥ ሳጥኑን በእሱ መተንፈሻ አፍንጫ ላይ ማያያዝ ይቻላል። የካርቡሬተሩ የቤንዚን ሳህን መተንፈሻ ከፊልትሮ ሽፋኑ ውጭ ከሆነ በቱቦ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ስኩፑ ላይ ያለው ግፊት ሳህኑ ላይ ስለማይኖር በፍጥነት ሲነዳ ቤንዚኑ ይቀንሳል።

ለዝቅታ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ጎንደር ላይ ከአየሩ አንጻር ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ይህ ብዛት በከፊል ይቃናል። ከ50 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት በኋላ ካንዴላ አውጥታችሁ እዩ፤ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ አሁንም ጥቁር ከሆነ ጅግለሩ (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ) ይነስ፣ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል። ጎንደር ላይ ልክ የሆነ ጅግለርና ወደ ፊት የተገፋ የማቀጣጠያ ጊዜ ይዞ ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ከመውረዱ በፊት የማቀጣጠያውን ጊዜ ወደ ፋብሪካው ልክ ይመልስ።

ከማኒፎልዱ ሞቃት አየር የሚያመጣው ቱቦ ካለ አትጣሉት። በክረምት ጭጋግ ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን የካርቡሬተር ጉሮሮ ውስጥ በረዶ ይይዛል። ምልክቱ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ሞተሩ ባዶ ዙር ላይ መጥፋቱ፣ ጥቂት ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ መነሳቱ ነው።

መፈተንና የሚበላሹ ነገሮች

ሽቦ ያለው ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ፊልትሮ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አምስት ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ንባቡ ከውጭው ሙቀት ከ5 ዲግሪ በላይ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ስፖንጁ አይገጥምም ወይም ቱቦው ይሞቃል። መኪናው ፒያሳ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ንባቡ መውጣቱ ግን ያለ ነው፣ የትኛውም ስኩፕ አያስቀረውም። ለጉልበቱ፣ ከአዘዞ ወደ ከተማው የሚያወጣው አቀበት ላይ መንገዱ ባዶ በሆነበት ማለዳ፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 60 ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ስኩፑ ተከፍቶና ተዘግቶ በየተራ ለኩ፤ በጭነትም በሙቀትም አንድ ዓይነት ይሁን።

ፉጨት ከተሰማ አፉ ላይ ሹል ጠርዝ ቀርቷል ወይም ወንፊቱ ላልቷል። ኮፈኑ በፍጥነት ሲነዳ ከተንቀጠቀጠ ቡሎን ይፈተሽ፤ አዲስ ሥራ ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ መጥበቅ አለበት። ባዶ ዙሩ ከፍ ካለ ከፊልትሮው በኋላ ያለ ቱቦ ሾልኮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ባስቸኳይ ይታይ፣ ምክንያቱም ከሾለከ ያልተጣራ አየር እየገባ ነው። ወንፊቱ ሁልጊዜ ስኩፑ አፍ ላይ ነው የሚገባው፤ ከፊልትሮው በኋላ የተገጠመ ሽቦ ሲሰበር በቀጥታ ቫልቭ ላይ ያርፋል።

አቧራና ዝናብ

ወደ ደምቢያ ገጠር መንገድ የሚወጣ መኪና በስኩፕ የሚገባበት አቧራ ይጨምራል። ፊልትሮው በፊት ይጸዳ ከነበረበት ጊዜ በግማሹ ይታይ። በኮምፕሬሰር ስትነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት ይሁን፤ ከዚያ በላይ ወረቀቱን ይቀደዋል። ከጀርባው አምፖል አብርታችሁ እዩት፤ ብርሃን በነጥብ ካሳለፈ ተበስቷልና ይጣል። ከሌላ መኪና ኋላ በአቧራ ውስጥ ስትነዱ የስኩፑን አፍ መዝጋት ይሻላል።

ለዚህም ለክረምቱም አንድ ክዳን ሥሩ፦ አፉን የሚሸፍን ላሜራ ከላስቲክ ጋር፣ በሁለት ቡሎን የሚታሰር። ከሰኔ አንስቶ እስከ መስከረም ድረስ ይዘጋ፤ ፊልትሮው በፋብሪካው ቱቦ ይተንፍስ። ስለዚህ የፋብሪካውን ቱቦ አትጣሉት፣ በሚዘጋ ክዳን አስቀምጡት። ክዳኑ ሳይደረግ ዝናብ ከያዛችሁ ስትደርሱ የፊልትሮ ሳጥኑን ከፍታችሁ ወለሉን በእጅ ዳስሱ፤ እርጥበት ካለ የማፍሰሻ ቱቦዎቹ በቅጠል ተደፍነዋል።

ጎርፍ ውስጥ ወይም ከባድ ዝናብ ላይ ሞተሩ በድንገት ከጠፋ መልሳችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ። ካንዴላዎቹን ሁሉ ፍቱ፣ ወደ ካንዴላዎቹና ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ አቋርጡ፣ ከዚያ ስታርተሩን ለጥቂት ሰከንድ አዙሩ፤ ውሃ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ተረጭቶ ይወጣል። ፊልትሮው ይቀየር፣ የሞተር ዘይቱ ይታይ፤ ወተት መስሎ ከነጣ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ።